ከሽያጭ የተነሳ ጨዋታ፣ የገዛነውም ይጠፋል?

ጥያቄው ስለተደጋገመ ነጥቡን ላብራራ። አንድ የቪዲዮ ጨዋታ ከሽያጭ ተነሳ ማለት አዲስ ገዢ አያገኘውም ማለት ሲሆን፣ አስቀድሞ የከፈለ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ አካውንት መልሶ ሊያወርደው ይችላል። የጨዋታ አምራቹ ሴጋ በዲሴምበር 2024 «ክሬዚ ታክሲ»ን ጨምሮ በርካታ የድሮ ጨዋታዎቹን ስቲም ከተባለው የኢንተርኔት የጨዋታ መደብር ባነሳ ጊዜ፣ ቀድሞ የገዛው ሰው የማውረጃውን ቁልፍ እንደ ወትሮው ሲያገኝ፣ ዘግይቶ የመጣው ግን የመግዣውን ቁልፍ አጥቶታል።

እርግጠኛው ነገር፣ እንደ ስቲም ባሉ መደብሮች የምንከፍለው በአብዛኛው ለመጫወቻ ፈቃድ እንጂ ለባለቤትነት አለመሆኑ ነው። የሚለያየው ፈቃዱ የሚዘልቅበት ጊዜ ነው፤ ያለ ኢንተርኔት የማይሠራውን «ዘ ክሩ» የተባለ የመኪና ውድድር ጨዋታ፣ አምራቹ ዩቢሶፍት ሰርቨሩን (ጨዋታው የሚገናኝበትን የኩባንያውን ኮምፒውተር) በማርች 2024 መጨረሻ ሲዘጋው፣ ዲስኩን በእጃቸው የያዙት እንኳ መጫወት አልቻሉም፤ ይህ ደግሞ፣ በእኔ እምነት፣ ለገዢው ፍትሐዊ አይደለም።