አይፒ68 ምንድን ነው?

«ስልኩ አይፒ68 ነው፣ ዋተርፕሩፍ ነው፣ ገንዳ ይዘኸው ብትገባ ምንም አይሆንም።» ይህን ከሻጭም፣ ከማስታወቂያም፣ ከአስተያየት ሰጪም ሰምቼ ጠግቤያለሁ። ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ያገለገለ ስልክ ባልዲ ውስጥ ነክሮ ሲያወጣ የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቀ። «አያችሁ? ስንት ዓመት ተሠርቶበት እንኳ ውሃ አያስገባም» ይላል። ስልክ ጠግኖ ለሚያድር ሰው ይህን አይቶ ማለፍ ይከብዳል። ያንን ያመነ ሰው ነገ ስልኩን ይዞ ይዋኛል፤ ከነገ ወዲያ ጥገና ቤት ይመጣል።

አይፒ68 የፈተና ውጤት ነው። ፈተናው የሚካሄደው ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ባወጣው 60529 በተባለ ደረጃ ነው። 6ቱ የአቧራ፣ 8ቱ የውሃ ነው። በውሃው በኩል 7 ማለት እስከ 1 ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ ነው። 8 ከዚያ ይከብዳል። ስንት ሜትር፣ ለስንት ደቂቃ የሚለውን ግን አምራቹ ራሱ ነው የሚናገረው። በፈረንጆቹ 2016 የወጣው ጋላክሲ ኤስ7 1.5 ሜትር ለ30 ደቂቃ ነበር። የ2018ቱ አይፎን ኤክስኤስ 2 ሜትር፣ የ2020ው አይፎን 12 ደግሞ 6 ሜትር። ሦስቱም አይፒ68 ናቸው። ስለዚህ ሻጭ «68 ነው» ሲላችሁ ገና ምንም አልነገራችሁም።

ይህ ግን ቀላሉ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ቁጥሩ የስልኩ የዕድሜ ልክ ንብረት ተደርጎ መወሰዱ ነው። መኪና መስታወት ላይ የሚለጠፈውን ቦሎ አስቡት። ቦሎው የሚለው መኪናው በተመረመረ ዕለት ደህና ነበር ነው። ከዚያ ወዲህ ተጋጭቶ፣ ጋራዥ ገብቶ፣ እንደ ነገሩ ተበይዶ ሊሆን ይችላል። ቦሎው ግን ከመስታወቱ ላይ አይነሳም። የስልኩ ይብሳል። መኪናው በዓመቱ ተመልሶ ይመረመራል፤ ስልኩን ግን ከተሸጠ በኋላ ማንም መልሶ አይፈትነውም። ደግሞም ያን ፈተና የወሰደው የእናንተ ስልክ አይደለም። የተፈተኑት አዲስ ናሙናዎች ናቸው፤ በንጹህ ውሃ፣ በላብራቶሪ ውስጥ። የጎረቤታችሁ መኪና ተመርምሮ ቦሎው ለእናንተም እንደታደለ ቁጠሩት።

ውሃውን የሚያግደው ምን እንደሆነ ላሳያችሁ። በስክሪኑና በአካሉ መካከል ዙሪያውን የሚሄድ ስስ ጥቁር ማጣበቂያ አለ። ሲም ማስገቢያው ላይ ትንሽ የጎማ ቀለበት፣ ስፒከሩና ማይኩ ላይ ደግሞ ስስ መረብ አለ። በቃ፣ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። ስልኩን ለመክፈት እናሞቀዋለን፣ ከዚያ ስስ ፕላስቲክ አስገብተን ያንን ማጣበቂያ ዙሪያውን እንቆርጠዋለን። አንዴ ከተቆረጠ አይቀጠልም። በደንብ ለመመለስ የድሮውን ፍቆ ማጽዳት፣ ለዚያው ሞዴል የተዘጋጀ አዲስ ማጣበቂያ መለጠፍ፣ ከዚያም ተጭኖ ማቆየት ያስፈልጋል። ብዙ ቦታ የሚደረገው ግን ከቱቦ ሙጫ ጨምቆ ዙሪያውን መቀባት ነው። ሙጫው ስክሪኑን ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ጥግ ላይ ፀጉር የምታህል ክፍተት ከቀረች ግን ለውሃ በር ሆነች ማለት ነው።

እኛ አገር ደግሞ ስንት ስልክ ነው ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ዩዝድ ሆኖ የሚገባው? ባትሪው ወይም ስክሪኑ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ ሲያዩት አይታወቅም። ያልተከፈተም ቢሆን መውደቅ አካሉን ያጣምማል። ማጣበቂያውም ያረጃል። ያበጠ ባትሪ ደግሞ ስክሪኑን ከውስጥ ይገፋውና ክፍተት ይፈጥራል። ይህንን የሚያስተውለው ሰው ጥቂት ነው።

ወደ ባልዲው ሰውዬ ልመለስ። ወንድሜ፣ ስልኩ ከውሃው ወጥቶ መብራቱ ምንም አያረጋግጥም። ውሃ ገብቶበትም ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ሊሠራ ይችላል። ባትሪው ኃይል እየሰጠ ቦርዱ ላይ እርጥበት ካለ ብረቱ ቀስ እያለ ይበላል። እንዲህ ያለ ስልክ ስከፍት ሲም ማስገቢያው ውስጥ ያለችው፣ ውሃ ሲነካት የምትቀላው ነጭ ምልክት ቀልታ አገኛታለሁ። የባትሪው ሶኬት ላይ ደግሞ አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ተጋግሯል። ባለቤቱ «ኧረ ከወደቀ ቆየ፣ ደህና ነበር እኮ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ዝገቱ እስኪደርስ ድረስ ደህና ነበር።

ሌላም አለ። መነከርን የቻለ ስልክ በግፊት የሚረጭ ውሃን ይችላል ማለት አይደለም። ለሱ ሌላ ፈተና አለው፤ በውሃው በኩል ቁጥሮቹ 5 እና 6 ናቸው። ጥምቀት ላይ ጠበሉ በጎማ ሲረጭ ስልክ ከፍ አድርጎ መቅረጽ ስልክን ባልዲ ውስጥ ከማስቀመጥ የተለየ ነው። ሳሙናም ጣጣ አለው፤ ውሃው በጠባብ ቀዳዳ በቀላሉ እንዲሾልክ ያደርገዋል። ስቲምና ሳውና ደግሞ ከሁሉ ይከፋሉ። እንፋሎት የውሃ ጠብታ በማያልፍበት ያልፋል፣ ሙቀቱም ማጣበቂያውን ያለሰልሳል። ሶደሬ ፍል ውሃ ውስጥ በስልክ ፎቶ የምትነሱ ሰዎች ይህን አስቡበት።

ስማርት ሰዓት ላይም ያው ነው። 5 ኤቲኤም (ኤቲኤም የግፊት መለኪያ ነው) ወይም 50 ሜትር የሚለው ጽሑፍ 50 ሜትር ጥለቁ አይልም። በዚያ ጥልቀት ልክ የሆነ የረጋ ግፊት ተፈትኗል ማለት ነው። እጅ ሲወረወርና ውሃ ሲመታ ግፊቱ ይለያል። አፕል ራሱ 50 ሜትር በተባሉት ሰዓቶቹ መዋኘት ይቻላል፣ ስኩባ (አየር በጀርባ ተሸክሞ መጥለቅ) ግን አይሆንም፣ ከሳሙናና ከሳውናም አርቋቸው ይላል። አይፒኤክስ4 (ኤክሱ የአቧራው ደረጃ አልተገለጸም ማለት ነው) የተጻፈበት የጆሮ ማዳመጫ ደግሞ ላብና ፍንጣቂ ቢችል ነው። እሱን አድርጎ ገንዳ መግባት የለም።

ጥፋቱ የገዢው ብቻ አይደለም። በ2020 የጣሊያን የንግድ ውድድር ባለሥልጣን አፕልን 10 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቶታል። ማስታወቂያው ስልኩ ውሃ ይችላል እያለ ዋስትናው ግን ውሃ የጎዳውን አይሸፍንም ነበር። በ2022 ደግሞ ሳምሰንግ አውስትራሊያ ጋላክሲ ስልኮችን ገንዳና ባሕር ውስጥ እያሳየ በማስተዋወቁ 14 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተቀጥቷል።

«የዛሬ ስልኮች ባትሪ በእጅ የማይወጣው ውሃ እንዳይገባ ነው» የሚሉም አሉ። አልቀበለውም። የ2014ቱ ጋላክሲ ኤስ5 ጀርባው በጥፍር ተፈልቅቆ ባትሪው ይወጣ ነበር፤ አይፒ67 ነበረ። የ2022ቱ ጋላክሲ ኤክስከቨር6 ፕሮም ባትሪው ይወጣል፤ አይፒ68 ነው። ሁለቱም ሲከደኑ የጎማ ማሸጊያ ነው ውሃውን የሚያግደው። ስልኮቹ ትንሽ ወፍረም ይላሉ፣ ጀርባቸው መስታወት እንደሆነው ስልኮችም አያምሩም። ምርጫው የኔ ቢሆን ያንን ውፍረት እወስዳለሁ። ካርቶኑ ላይም ከ68ቱ ጎን ሜትሩና ደቂቃው በጉልህ ይጻፍ። ለእያንዳንዱ ሞዴል የሚሆነው ማሸጊያ ደግሞ እንደ ስክሪን መከላከያ በየሱቁ ይሸጥ።