የሽቅብ ዝላይ ፈተና ምንድን ነው?

አትሌቱ ሳይንደረደር፣ ባለበት ቆሞ በሁለት እግሩ ወደ ላይ ይዘላል፤ ከመሬት የራቀው ከፍታ በሴንቲሜትር ይለካል። ፈተናው ይኸው ነው። የሚያሳየው የእግርን ቅጽበታዊ ኃይል፣ ማለትም ጡንቻ ያለውን ጥንካሬ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ አውጥቶ መጠቀም መቻሉን ነው። ከባድ ብረት ተሸክሞ ቀስ ብሎ ቁጢጥ ብሎ የሚነሣ ሰው ጠንካራ ነው፤ ያንን ጥንካሬ ቶሎ ማውጣት ካልቻለ ግን ዝላዩ ዝቅ ይላል።

በሱሉልታና በሰንዳፋ ለሚሠሩ የረጅም ርቀት ሯጮችም ይጠቅማል። በፍጥነት የሚሮጥ አትሌት እግሩ በእያንዳንዱ እርምጃ መሬት ላይ የሚቆየው ከ0.2 ሴኮንድ ላነሰ ጊዜ ነው። መግፋት ያለበት በዚያች ቅጽበት ነው፤ በመጨረሻው ዙር ፍጥነት ሲጨመርም ልዩነቱ እዚያ ይታያል።

በጣም ርካሹ አሠራር ግድግዳ፣ ጠመኔና ሜትር ብቻ ይፈልጋል። አትሌቱ በጎኑ ከግድግዳው 15 ሴንቲሜትር ያህል ርቆ ይቆማል፣ ጣቱን ጠመኔ ይቀባል፣ ተረከዙን ሳያነሣ እጁን እስከ ጫፍ ዘርግቶ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ ዘሎ ከፍ ባለው ቦታ ይነካል። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ውጤቱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የመጀመሪያው ምልክት ነው፤ አትሌቱ ትከሻውን ካልዘረጋ 3 እና 4 ሴንቲሜትር ያለ ድካም ይጨመርለታል። አሠልጣኙ ክንዱን ወደ ላይ ገፍቶ ማረጋገጥ አለበት።

ስልክ ካለ የተሻለ መንገድ አለ። እጅ ወገብ ላይ ይደረግና ዝላዩ በሴኮንድ 240 ፍሬም (ነጠላ ምስል) በሚቀርጽ ስሎሞሽን ይቀረጻል፤ ስልኩ በእግር ከፍታ፣ መሬት አጠገብ ይቀመጣል። የእግር ጣት መሬት ከለቀቀበት ፍሬም እስከ ነካበት ያለው ጊዜ በሴኮንድ ተወስዶ በራሱ ይባዛል፣ በ9.81 ይባዛል፣ ለ8 ይካፈላል፤ የሚገኘው ከፍታው በሜትር ነው። አየር ላይ 0.5 ሴኮንድ የቆየ 30.7 ሴንቲሜትር ዘሏል ማለት ነው። በተለመደው የ30 ፍሬም ቪዲዮ ይህን መሞከር አይገባም፤ አንድ ፍሬም መሳሳት ብቻ ውጤቱን ከ4 ሴንቲሜትር በላይ ያዛባል፣ በ240 ግን ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ነው። ሌላው ስሕተት ሲያርፉ ጉልበትን አጥፎ መውረድ ነው። እግሩ መሬት የሚነካው ዘግይቶ ስለሚሆን ያልተዘለለ ከፍታ ይመዘገባል። በእግር ጣት ጫፍ፣ ጉልበት ተዘርግቶ ይታረፋል፤ የሚታጠፈው ከነካ በኋላ ነው።

በሁለቱም አሠራሮች 10 ደቂቃ ሶምሶማና ጥቂት ቀለል ያሉ ዝላዮች ይቀድማሉ። በከተማ ዳር ባሉ ሜዳዎች ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ብርዱ ጡንቻን ስለሚያዘገይ ፀሐይ እስክትሞቅ፣ እስከ 3 ሰዓት ቢጠበቅ ይመረጣል፤ ዋናው ግን ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ጫማ፣ በአንድ ዓይነት መሬት መለካት ነው። 3 ጊዜ ይዘለላል፣ በመካከሉ ቢያንስ 1 ደቂቃ ይታረፋል። ሦስተኛው ከሁሉ ከበለጠ አትሌቱ ገና አልሞቀምና እስኪቀንስ ይቀጥል። ትናንት ከባድ ልምምድ ነበር? ጾም ላይ ነው? መዝገቡ ላይ ይጻፍ፤ የጾም ቀን ውጤት ከፍስክ ቀን ውጤት ጋር ሲወዳደር ድክመት የሌለበት ቦታ ድክመት ሊታይ ይችላል።

የቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከፍ ማለት ዝላይን ይቀንሳል የሚባለው ግን ትክክል አይደለም። ለአንድ ዝላይ የሚያስፈልገው ኃይል ጡንቻ ውስጥ ከተጠራቀመው ስለሚገኝ የኦክስጅን ማነስ አይነካውም።

አንዱ ሴንቲሜትር ከሌላው እኩል አለመሆኑም መታወቅ አለበት፤ ክብደት ይገባበታል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የተመራማሪው ሴየርስ ቀመር ከፍተኛውን ኃይል በዋት ይገምታል፦ ከፍታ በሴንቲሜትር በ60.7 ይባዛል፣ ክብደት በኪሎ በ45.3 ይባዛል፣ ሁለቱ ይደመሩና 2055 ይቀነሳል። 58 ኪሎ ሳለ 38 ሴንቲሜትር የዘለለ አትሌት ኃይሉ 2879 ዋት ገደማ ነው። 55 ኪሎ ሆኖ 40 ሲዘል 2865 ይሆናል። ከፍታው ጨመረ፣ ኃይሉ ግን አልጨመረም፤ አትሌቱ ቀለለ እንጂ አልበረታም። ስለዚህ ሚዛን ሳይኖር ዝላይ ብቻ መመዝገብ ያሳስታል።

ለሥልጠና ዕቅድ ብዙ የሚናገረው ዝላዩን በሁለት ዓይነት መሥራት ነው። አንደኛው ፈጥኖ ዝቅ ብሎ ወዲያው መዝለል፣ ሁለተኛው ጉልበትን 90 ዲግሪ አጥፎ 3 ሴኮንድ ያህል ቆሞ፣ ተጨማሪ ሳይወርዱ መዝለል። የመጀመሪያው በተለምዶ ይበልጣል፤ የተወጠረ ጡንቻና ጅማት የሚመልሱት ኃይል ይታከልበታልና። ሁለቱ እኩል ከሆኑ አትሌቱ ውጥረቱን እየተጠቀመበት አይደለም፤ ገመድ መዝለልና አጫጭር የዝላይ ልምምዶች ይጨመሩለት። ሁለቱም ዝቅ ካሉ መሠረታዊ ጥንካሬ ጎድሎታል፣ ስኳት (ክብደት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሣት) ያስፈልገዋል። በሲሚንቶ የተሠራ ክብደት የሚጠቀም ጂም ከሆነ መጀመሪያ በሚዛን ይመዘን፤ የተጻፈበትን ቁጥር ማመን አይገባም።

ልምምድ ሳይቀየር በሁለት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ለክቶ ውጤቱ ስንት እንደተለያየ ማየት ያስፈልጋል። በዚያ ልዩነት ውስጥ የሚወድቅ ለውጥ እንደ መሻሻል አይቆጠርም። ከ4 እስከ 6 ሳምንት አንዴ መለካት ይበቃል። የተረከዝ ጅማቱ ወይም ጉልበቱ የሚያመው አትሌት እስኪድን አይዝለል።