ፈንጣጣ የጠፋው በቁጥጥር ብዛት አይደለም

ብዙ ኃላፊ «እያንዳንዷን ነገር ራሴ ካልያዝኩ ሥራው ይበላሻል» ብሎ ያምናል። ይህን እምነት በ1967 የተጠናከረው የዓለም ፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ በደንብ ፈትኖታል (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

«ሁሉን ካልሸፈንን ውጤት የለም»

የመጀመሪያው እቅድ ከየአገሩ ሕዝብ 80 በመቶውን መከተብ ነበር። በ1966 መጨረሻ ምሥራቅ ናይጄሪያ ውስጥ ክትባት አልበቃ ሲል፣ እነ አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ፌጊ ታማሚ ያለበትን መንደር በሬዲዮ እያጠያየቁ በዙሪያው ያለውን ሰው ብቻ ከተቡ። ስርጭቱም ተቋረጠ። ፈንጣጣ ይተላለፍ የነበረው ከሰው ወደ ሰው ብቻ ስለሆነ ሰንሰለቱ የሚበጠስበት ቦታ ይታወቅ ነበር።

«ነጻነት ከተሰጠ ሥርዓት ይጠፋል»

በዘመቻው ጠበቅ ተደርጎ የሚያዘው ጥቂት ነገር ነበር። የክትባቱ መርፌ ጫፉ መንታ ነበር፤ ክትባቱ ውስጥ ሲነከር በመንታው መካከል አንድ ጠብታ ይዞ ይወጣ ነበር። ከዚያ ክንድ ላይ፣ ጠባብ ቦታ ውስጥ፣ 15 ጊዜ ቶሎ ቶሎ ይወጋ ነበር። ይህን ማንም እንደፈቀደው አይለውጠውም ነበር፤ የሳምንቱ ሪፖርትም እንደዚያው። በየትኛው የገበያ ቀን ይጠየቅ፣ መጀመሪያ ሽማግሌ ይነገር ወይስ ቄስ፣ በበቅሎ ይኬድ ወይስ በእግር የሚለው ግን ቦታው ላይ ላለው ሠራተኛ ይተው ነበር። ሥራ የሚበላሸው ሁለቱ ሲገለባበጡ ነው፤ የገበያው ቀን ከዋና ከተማ ተወስኖ የመርፌው አያያዝ ሳይታይ ሲቀር።

«ቁጥሩ ካሻቀበ ሠራተኛው ሰንፏል ማለት ነው»

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። በጥቅምት 1973 ሕንድ ውስጥ በኡታር ፕራዴሽና በቢሃር በየመንደሩ ሲፈተሽ 10,000 ያህል ታማሚ ተገኘ፤ ከተጠበቀው እጅግ ይበልጣል። ቁጥሩ ያሻቀበው ፍለጋው ስለተሻሻለ ነበር። በዚያ ቀን የተቆጣ ኃላፊ በሚቀጥለው ሳምንት የሚደርሰው «ምንም የለም» የሚል ወረቀት ነው። ስለዚህ ሠራተኛውን መቅጣት ቀርቶ፣ ኋላ ላይ አዲስ ታማሚ ለጠቆመ ሽልማት ይሰጥ ጀመር።

«ሥልጣን ያካፈለ መሪ ሥራው አለቀ»

አላለቀም፤ ማጣራቱ ይቀረዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ዘመቻው የተጀመረው በ1971 ነው፤ የአገሪቱ የመጨረሻ ታማሚ በነሐሴ 1976 በኤል ከሬ አካባቢ፣ ዲሞ መንደር ተገኘ። ፍለጋው ግን አልቆመም፤ ቢያንስ 2 ዓመት ያለ አንድም ታማሚ ማለፍ ነበረበት። ፈታሾች ፊቱ በፈንጣጣ የተሸፈነ ሕፃን ፎቶ ያለበትን ካርድ ይዘው በየገበያውና በየትምህርት ቤቱ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» ይሉ ነበር። «ጠፍቷል» ብሎ የማረጋገጡ ሥራም ዘመቻውን ላካሄዱት ሰዎች አልተተወም፤ ከውጭ የመጣ ኮሚሽን ራሱ ወርዶ አየ።