ጂፒኤስን ባላጠፋው ጥፋት አንውቀሰው

ባለፈው ወር አንድ ዘመዳችን መኪናውን እየነዳ ከአዲስ አበባ ሐረር ሊጠይቀን መጣ። ስልኩ ያሳየውን መንገድ ተከትሎ ጀጎል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ጠባብ መተላለፊያ ገባ። ሁለቱ የጎን መስታወቶች ግንቡን ሊነኩ አንድ ጣት ሲቀራቸው ቆመ። የሰፈሩ ልጆች "ና! ና! በቃ!" እያሉ ወደ ኋላ አወጡት። ወርዶ ገና ሰላም ሳይለኝ "ይሄ ጂፒኤስ ውሸታም ነው" አለኝ።

ውሸታም አይደለም። ጂፒኤሱ የቆመበትን ቦታ በደንብ አውቆታል። መንገዱ ለመኪና እንደማይሆን ያላወቀው ካርታው ነው። ሁለቱን ስለምናምታታ ብዙ ነገር እንሳሳታለን።

"ዳታ ካለቀ ጂፒኤስ አይሠራም።"

ይሠራል። ስልኩ ምልክቱን የሚቀበለው 20,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች ነው፤ በነፃ። ዳታ የሚበላው ካርታው ነው። ስለዚህ ከድሬ ከመነሳትዎ በፊት የሐረርን ካርታ ቤት ሆነው ያውርዱ። ወደ ሐረር በሚያወጣው የደንገጎ ዳገት ላይ ኔትወርክ ቢጠፋ እንኳ ያሉበትን የምታሳየው ሰማያዊዋ ነጥብ መሄዷን አታቆምም። ዳታ ሲጠፋ ስልኩ መጀመሪያ ቦታዎን ለማግኘት ትንሽ ሊቆይ ይችላል፣ ይታገሱት።

"ሳተላይቱ ከላይ ሆኖ ያየናል።"

አያየንም፤ መኖራችንንም አያውቅም። እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ሰዓቱንና ያለበትን ቦታ ያሰራጫል፣ በቃ። የመኪናዎ መሣሪያ ወይም ስልክዎ ቢያንስ ከ4 ሳተላይቶች የሰማውን አነጻጽሮ ቦታውን ራሱ ያሰላል። ያሉበትን ቦታ ለሌላ የሚናገር ካለ ስልክዎ ላይ የጫኑት አፕ ነው። ፈቃዱን መስጠትም መከልከልም የእርስዎ ነው።

"ጂፒኤስ ልክ እስከ ሴንቲ ሜትር ያውቃል።"

ድሮ የጂፒኤሱ ባለቤቶች አሜሪካኖቹ ለሲቪሉ የሚለቁትን ምልክት ሆን ብለው ያዛቡት ነበር። ያን ያቆሙት በ1992 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ሰማዩ ገላጣ ከሆነ ስልክ 5 ሜትር ገደማ ድረስ ይጠጋል። ለድሬዋ ከዚራ ሰፊ ጎዳና ይሄ ከበቂ በላይ ነው። ጀጎል ግን 368 መተላለፊያ አለ ይባላል፤ አንዱ ከሌላው ጋር ጀርባ ለጀርባ ነው። እዚያ 5 ሜትር ማለት ሌላ ሰፈር ማለት ነው። በዚያ ላይ ምልክቱ ግንብ ለግንብ እየነጠረ ስለሚመጣ ስህተቱ ይብሳል። ታዲያ ነጥቧ ሁልጊዜ መንገድ ላይ የምትታየው ለምንድነው? ሶፍትዌሩ አቅራቢያው ወዳለ መንገድ ስለሚጎትታት ነው። መኪናዎን ግቢ ውስጥ አቁመው ስልኩ አስፋልት ላይ ነዎት ቢልዎ አይገረሙ።

"ካርታው ካሳየው መንገድ ነው።"

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ድሬን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ያስቡት። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው፤ ሰውም ባጃጅም ይሻገረዋል። ድሬ ላይ አንድ ጠብታ ሳይወርድ፣ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ጎርፉ ድንገት ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ቀጥፏል። የትኛውም ሳተላይት "ዛሬ አትሻገር" አይልዎትም። በክረምት አቋራጭ ሲያሳይዎ መጀመሪያ ዳር ላይ ያሉትን ሰዎች ይጠይቁ። እነሱ ካልተሻገሩ እርስዎም ይቁሙ።

ስለ ፍጥነት ደግሞ፣ የመኪናው የፍጥነት መለኪያ 80 ሲል ጂፒኤሱ 76 ቢል መሣሪያው ተበላሽቶ አይደለም። የመኪና ፍጥነት መለኪያ ትንሽ ጨምሮ እንዲያሳይ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ወደ እውነቱ የሚጠጋው ጂፒኤሱ ነው።

የመድረሻ ሰዓቱም ግምት ነው። አፑ የመንገዱን መጨናነቅ የሚያውቀው ከሌሎች ሾፌሮች ስልክ ነው። ጥቂት ስልክ ባለበት መንገድ የሚያውቀው ጥቂት ነው። የደንገጎን ዳገት ከተጫነ የጭነት መኪና ኋላ ሆነው ሲወጡት ደግሞ ያው ይዘገያሉ።

ዘመዴ ሻዩን ጠጥቶ ሲረጋጋ የካርታውን አፕ ከፍተን ያንን መተላለፊያ ነካነው። "ለመኪና ዝግ" ብለን እርማት ላክን። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። በማግስቱ መኪናውን ሸዋ በር አቁሞ ገበያውን በእግሩ ዞረ።