«መልስ»፦ ስለ ቃሉ ትርጉም፣ ሥርና አጠቃቀም

በገበያ ቋንቋ መልስ ማለት ገዢ ከዋጋው በላይ ሲከፍል ሻጩ የሚመልስለት ትርፍ ገንዘብ ነው። የ137 ብር ዕቃ ወስዶ 200 ብር የሰጠ ሰው 63 ብር መልስ አለው። ቃሉ «መለሰ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ይኸው ቃል ለጥያቄ የሚሰጠውንም፣ ከሠርጉ በኋላ ሙሽሮቹ ወደ ሙሽራዋ ወላጆች ቤት የሚሄዱበትንም ድግስ ይጠራል። ሦስቱም ጋ ያለው ሐሳብ አንድ ነው፤ ከአንድ ቦታ የወጣ ነገር ወደ ወጣበት ይዞራል። ቃሉ ወደ ጠያቂው፣ ልጅቷ ወደ አባቷ ቤት፣ ብሩ ወደ ባለቤቱ።

ግዕዝ እነዚህን በተለያዩ ቃላት ነው የሚናገራቸው። መመለስን «ሜጠ» እና «ተመይጠ» ይላቸዋል፤ ቃል መመለስን ደግሞ «አውሥአ»። በግዕዙ ወንጌል «አውሥአ ወይቤሎ» ያለውን አማርኛው «መልሶ እንዲህ አለው» ይለዋል። አማርኛ ሁለቱን ሥራ ለአንድ ግስ አሸክሞ ገንዘቡንም ጨመረበት። «ምላስ» ግን ድምፁ ቢቀርብም ከዚህ ቤት አይደለም፤ የመጣው «ላሰ» ከሚለው ነው።

በግሱ ላይ «ለ» ይጠብቃል፣ በስሙ ላይ ይላላል። ፊደላችን ግን ማጥበቅን ስለማያሳይ የወንድ ትእዛዙ «መልስ!» እና ስሙ «መልስ» ወረቀት ላይ አንድ ናቸው። ታክሲ ውስጥ «ረዳት፣ መልስ!» ሲባል የሚሰማው የላላው ነው፤ ተሳፋሪው «ገንዘቤን» ማለቱ ነው።

ከመልስ ጎን የሚቆመው ቃል ዝርዝር ነው። ሁለቱ በየቀኑ ይምታታሉ፤ መለየታቸው ግን ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። ዝርዝር የገንዘቡን መልክ ይናገራል። ድፍን መቶ ብር ወደ ዐሥሮችና አምስቶች ሲበተን «ተዘረዘረ» ወይም «ተመነዘረ» ይባላል። መልስ ደግሞ የማን እንደሆነ ይናገራል። ባለሱቁ «መልስ የለኝም» ሲል ሊል የፈለገው «ዝርዝር የለኝም» ነው። መልሱማ አለ፤ ገንዘቡ በእጁ ነው፣ የገዢው ነው፣ የጎደለው በልኩ የተበተነ ብር ብቻ ነው። በትክክል የሚናገር ሻጭ «ዝርዝር የለኝም፣ መልስህ 3 ብር ነው» ይላል። እንዲህ ከተባለ ዕዳው በስሙ ተጠርቷል፤ በኋላ ለመጠየቅም አያሳፍርም።

የዝርዝር ችግር አዲስ አይደለም። 1780 የሚል የፈረንጅ ዓመት የተቀረጸበት የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር በሀገራችን ገበያ ሲዘዋወር ከእሱ በታች የሚሆን በቂ ሳንቲም አልነበረም። ስለዚህ መልሱ በአሞሌ ጨው፣ አንዳንዴም በጥይት ይሰጥ ነበር። አሞሌ ከአፋር የጨው ሜዳ በራቀ ቁጥር ይወደዳል፣ ዝናብ ካገኘው ይሟሟል። ስለዚህ ለአንድ ብር የሚቆጠረው አሞሌ በየገበያውና በየወቅቱ ይለያይ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን ብር ሲያስቀርጹ የብሩን ግማሽ፣ ሩብና አንድ ስምንተኛም አስቀርጸዋል። «ስሙኒ» የሚለው ስም ከዐረብኛው የ«አንድ ስምንተኛ» ቃል የመጣ ሲሆን፣ ዛሬ የሚጠራው ሩብ ብርን፣ ማለትም 25 ሳንቲምን ነው። 50 ሳንቲም «ሽልንግ» የተባለበት ምክንያት የበለጠ ግልጽ ነው። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በሀገሪቱ ይሠራበት ነበር፤ በሐምሌ 1937 የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ አንድ ብር በሁለት ሽልንግ ተተመነ። ሽልንጉ ሄደ፣ ስሙ ግማሹ ብር ላይ ቀረ።

መልስ ሲቆጠር ብዙ ነጋዴ አይቀንስም፤ ከዋጋው ተነሥቶ ወደ ላይ ይሞላል። ከ137 ተነሥቶ 3 ብር ያስቀምጣል፣ 140 ይላል፤ 10 ጨምሮ 150፣ 50 ጨምሮ 200። ገዢው እየሰማ ስለሚቆጥር ሁለቱም በአንድ ጊዜ ያረጋግጣሉ። ዝርዝር ሲያጥር ደግሞ «7 ብር አለህ?» ይባላል። ገዢው 207 ሲሰጥ መልሱ ድፍን 70 ይሆናል፤ ሦስቱን ብር ከየትም መፈለግ አያስፈልግም።

ጭቅጭቅ የሚነሣው በአብዛኛው «የሰጠሁህ ሁለት መቶ ነው»፣ «የለም፣ መቶ ነው» በሚለው ላይ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሻጩ የተቀበለውን ብር ጮክ ብሎ ይጥራ፣ መልሱ ተቆጥሮ እስኪያልቅም መሳቢያ ውስጥ አይክተተው። አዳዲስ ኖቶች ስለሚጣበቁ በጣት ፈተግ አድርጎ መቁጠር ያስፈልጋል። በመልስ ፈንታ ማስቲካ ወይም ከረሜላ ማስያዝም የተለመደ ነው። ገዢው ካልፈለገ ግን ሳይጠየቅ ዕቃ ተሸጠለት ማለት ነው፤ መልስ የሚባለው ገንዘቡ ነው። «መልሱን ያዘው» የሚለውም ቃል የገዢው እንጂ የአስተናጋጁ አይደለም፤ ጉርሻ የሚሆነው ባለቤቱ ሲተወው ነው።

ታክሲ ላይ የመልስና የዝርዝር ልዩነት ጎልቶ ይታያል። ለሁለት የማይተዋወቁ ተሳፋሪዎች አምስት አምስት ብር መመለስ ያለበት ረዳት አንድ ዐሥር ብር አውጥቶ «ለሁለት ተካፈሉት» ይላል። መልሱን በእርግጥ ሰጥቷል፤ የመዘርዘሩን ሥራ ግን ለእነሱ አስተላልፏል። አንዱ ቀድሞ የሚወርድ ከሆነ ዐሥሩን መስጠት ያለበት ለዚያ ሳይሆን አምስት ብር በእጁ ላለው ሰው ነው። ከግንቦት 2013 ወዲህ በመጣው ቴሌብር ሒሳቡ በልኩ ስለሚከፈል መልስ የሚባለው ነገር አይፈጠርም። ወደ ተሳሳተ ቁጥር የሄደ ብር ግን ሌላውን የቤተሰቡን ቃል ይጠራል፦ ማስመለስ።

ማስመለስ በጥያቄ ወይም በክርክር የሚገኝ ነው፤ ተመላሽ ደግሞ በሕግ ደንብ የሚሰጥ። በየሱቁ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል። ይሁንና የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። ለዚህ ደረሰኙ ያስፈልጋል፤ ደረሰኝ ሳይቀበሉ መውጣት ማስረጃውን እዚያው ጥሎ መውጣት ነው። በተጨማሪ እሴት ታክስም ተመላሽ አለ። ዕቃ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ የሽያጩ ታክስ ዜሮ ስለሆነ፣ ለግብዓት የከፈለው 15 በመቶ ይመለስለታል።

አሜሪካ ያሉ አማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ቃሉ አንድ ችግር ገጥሞታል። «ሪተርን» በእንግሊዝኛ መመለስ ስለሆነ ብዙ ሰው «ታክስ ሪተርን መጣልኝ» ይላል፤ በዚያ ሀገር ግን ሪተርን የሚባለው በየዓመቱ ተሞልቶ ለመንግሥት የሚቀርበው የገቢ መግለጫ ነው፤ ተርፎ የሚመጣው ገንዘብ ሪፈንድ ይባላል። ለሪፈንዱ «ተመላሽ» በልኩ የተሰፋ ቃል ነው፤ አሠሪው ከደመወዝ ላይ አብዝቶ የቆረጠው የሠራተኛው የራሱ ገንዘብ ስለሆነ። መግለጫውን ሞልቶ ያስገባ ሁሉ ተመላሽ አያገኝም። በዓመቱ የተቆረጠበት ካነሰ ልዩነቱን ራሱ ይከፍላል።