የድንቅነሽ ዕድሜ በካርቦን አልተለካም፦ ስለ አዋሽ ሸለቆ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የድንቅነሽ ስም በተነሳ ቁጥር አንድ ሰው አይጠፋም፤ «አጥንቷን በካርቦን መርምረው ነው ዕድሜዋን ያወቁት» የሚል። ሰሚውም አሜን ብሎ ይቀበላል። ይህ ስህተት ቦታው ላይ ጉዳት ስለሚያደርስ በሰፊው እመለስበታለሁ። አስቀድሞ ቀላል ቀላሎቹን እንጨርስ።

«አዋሽ ባሕር ይገባል።» አይገባም። ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል።

«ድንቅነሽን የሚቀድም የለም።» አለ። እሷ 3.18 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ናት፤ በዚያው የአዋሽ ሸለቆ አራሚስ በሚባል ቦታ የተገኘችው ሌላዋ የሰው ዘር ቀደምት፣ አርዲ፣ ደግሞ 4.4 ሚሊዮን። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችውን ድንቅነሽን ልዩ ያደረጋት የአንድ ግለሰብ አጽም 40 በመቶ ያህሉ አንድ ቦታ መገኘቱ ነው።

«ሰላም የድንቅነሽ ልጅ ናት።» ሰላም የተባለችው፣ አፋር ውስጥ ዲኪካ ላይ አጽሟ የተገኘው ሕፃን፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ስለሆነች ከ«እናቷ» ከ100 ሺህ ዓመት በላይ ትቀድማለች።

«አካባቢው ከጥንትም በረሃ ነበር።» ሐዳር ላይ የጉማሬ፣ የአዞና የዝሆን ቅሪት ይገኛል። ሐይቅ፣ ወንዝና ዛፍ የነበረበት አገር ነው። በረሃ መሆኑ የጠቀመው ለዛሬ ፈላጊዎች ነው፦ ዕፅዋት ያልሸፈነውን ደለል ዝናብ በየዓመቱ ይሸረሽረዋል፣ አጥንቱም ራሱ ብቅ ይላል። አብዛኛው ግኝት ጎንበስ ብሎ መሬት እያዩ በመሄድ የተገኘ እንጂ በጥልቅ ቁፋሮ የመጣ አይደለም።

አሁን ወደ ካርቦኑ። ሕይወት ያለው አካል ውስጥ የሚገኘው ካርቦን 14 ከሞት በኋላ በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከ50 ሺህ ዓመት ገደማ በኋላ የሚለካ አይተርፍም። ሚሊዮን ዓመት ላለፈው ነገር ምንም አይናገርም። የድንቅነሽ አጥንትም በማዕድን ተተክቶ ድንጋይ ሆኗል።

የተለካው በደለሉ መካከል የተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አመዱ ውስጥ ፖታሲየም ያለባቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች አሉ። ፖታሲየም 40 ቀስ በቀስ ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። ዓለቱ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ይወጣል፤ ሲበርድ ግን ክሪስታሉ ውስጥ መጠራቀም ይጀምራል። ባለሙያዎች ክሪስታሎቹን በማይክሮስኮፕ ይለቅሟቸዋል፣ በኑክሌር ማብላያ ውስጥ ያስገቧቸዋል፣ ከዚያ በሌዘር አቅልጠው የሚወጣውን አርጎን ይለካሉ። አንድ በአንድ የሚለኩትም በምክንያት ነው። ወንዝ ከሌላ ቦታ ያመጣው አሮጌ ክሪስታል ከተደባለቀ ውጤቱ ያለቅጥ ያረጃል፤ አየርና ውሃ የበላው ክሪስታል ደግሞ አርጎኑ ስለሚያፈስ ወጣት ይመስላል።

ከዚያ አጥንቱ ከየትኛው አመድ በላይ፣ ከየትኛውስ በታች እንደነበረ ይታያል። ድንቅነሽ የተገኘችው ካዳ ሐዳር ከተባለው አመድ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው፤ 3.18 የሚለው ቁጥር የመጣው ከዚያ አመድ ነው።

እዚህ ላይ ነው የካርቦኑ ወሬ የሚጎዳው። ዕድሜው አጥንቱ ውስጥ አለ ብሎ የሚያምን ሰው አጥንቱን ኪሱ ከቶ አዲስ አበባ ቢያመጣው ምንም የጎደለ አይመስለውም። የጎደለው ግን ዋናው ነገር ነው፤ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ካልታወቀ ዕድሜውን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም።

ስለዚህ አፋር ውስጥ ስትጓዙ ድንጋይ የሆነ አጥንት ወይም ጥርስ ካያችሁ አታንሱት። እስክሪብቶ አጠገቡ አድርጋችሁ በቅርብ፣ ከዚያም ተዳፋቱ ሁሉ እንዲታይ ከሩቅ ፎቶ አንሱ። ጂፒኤስ ላይ የሚታየውን ቁጥር መዝግቡ። ዙሪያውን አትርገጡ፤ ስብርባሪው በወንፊት የሚለቀመው ከዚያው አፈር ነው። ከዚያ ለአካባቢው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስታውቁ። ቅሪተ አካል በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ነው።

ቀድሞ የተነሳ አጥንት እጃችሁ ከገባ ደግሞ አትጠቡት፣ በብሩሽም አትፈትጉት። የተጣበቀበት ጥቂት ደለል ከየትኛው ንብርብር እንደመጣ ለመለየት ሊረዳ ይችላል።