ክሬዲት ተበላሸ ማለት ቤት ቀረ ማለት አይደለም

አሜሪካ ባለነው ሐበሾች መሃል የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ሰዉ አበዳሪው ሳይከለክለው ራሱን በራሱ ይከለክላል። ቡና ላይ የሰማትን ይዞ ዓመታት ይከራያል።

«የክሬዲት ስኮሬ (የዕዳ አከፋፈሌ ነጥብ) 700 ካልገባ አያበድሩኝም»

አይደለም። የፌዴራል መንግሥት ዋስትና የሚሰጠው ኤፍኤችኤ የሚባል ብድር አለ። ስኮራችሁ 580 ከደረሰ ዳውን ፔይመንቱ (ቤቱን ስትገዙ ከኪሳችሁ የምትከፍሉት ቅድሚያ ክፍያ) 3.5 በመቶ ነው። ከ500 እስከ 579 ከሆነ 10 በመቶ ይሆናል። 400,000 ዶላር ለሚያወጣ ቤት አንዱ 14,000፣ ሌላው 40,000 ነው፤ ስለዚህ 570 ላይ ያላችሁ ሰዎች ጥቂት ወራት ታግሳችሁ የክሬዲት ካርድ ዕዳችሁን ብታቃልሉ ይሻላችኋል። አንዳንድ አበዳሪ ግን ከዚህ ከፍ ያለ ስኮር ይጠይቃል። አንዱ አበዳሪ እምቢ ካላችሁ ሌላ ጋ ሂዱ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ዳውን ፔይመንታችሁ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ የሞርጌጅ ኢንሹራንሱ (ብድሩን ባትከፍሉ ለአበዳሪው ዋስትና የሚሆን፣ እናንተ የምትከፍሉት መድን) ብድሩ እስኪያልቅ ድረስ አይወርድላችሁም።

«ብዙ ቦታ ከጠየቅኩ ስኮሬ ይወድቃል»

በ14 ቀን ውስጥ የሞርጌጅ (የቤት ብድር) አበዳሪዎች የሚያደርጉት የክሬዲት ምርመራ እንደ አንድ ነው የሚቆጠረው። የራሳችሁን የክሬዲት ሪፖርት ማየት ደግሞ ስኮራችሁን ጭራሽ አይቀንስም።

«የባለቤቴ ክሬዲት ጥሩ ስለሆነ የኔን ይሸፍነዋል»

አይሸፍንም። ኤፍኤችኤ ላይ ሦስቱ የክሬዲት መዝጋቢ ድርጅቶች ለእያንዳንዳችሁ ከሚሰጧቸው ሦስት ስኮሮች መካከለኛው ይወሰድና ከሁለታችሁ ዝቅተኛው ይታያል። በአንዳችሁ ስም ብቻ ብታመለክቱ ደግሞ የሌላችሁ ገቢ አይቆጠርም።

«ገንዘብ ከፍዬ አስጸዳዋለሁ»

እባካችሁ ተጠንቀቁ። ክሬዲት እናጸዳለን የሚሉ ድርጅቶች ሥራውን ሳይጨርሱ ክፍያ መቀበል በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። በጊዜው ያልተከፈለ እውነተኛ ዕዳ በኋላ ቢከፈልም ታሪኩ እስከ 7 ዓመት ሪፖርቱ ላይ ሊቆይ ይችላል። የተሳሳተ መረጃ ከሆነ ግን ራሳችሁ በነጻ ልትቃወሙት ትችላላችሁ። እኛ የአባታችንን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለምንጠቀም የሌላ ሰው ዕዳ ገብቶባችሁ እንዳይሆን በደንብ እዩት።

«የእቁብ ብር አይቆጠርም»

ይሄ ብዙ ሰው ይጎዳል። እቁብ መክፈላችሁ ክሬዲት ሪፖርት ላይ አይወጣም፣ ይሄ እውነት ነው። ለዳውን ፔይመንት ግን ይሆናል፤ የኤፍኤችኤ መመሪያ ራሱ አባላት በጋራ የሚያስተዳድሩትን የቁጠባ ማኅበር ይቀበላል። ችግር የሚመጣው በጥሬ ገንዘብ የተቀበላችሁትን 15,000 ዶላር ባንክ ስታስገቡና አበዳሪው «ከየት መጣ?» ሲል መልስ ስታጡ ነው። እቁቡ መቼ እንደተጀመረ፣ በየስንት ጊዜው ስንት እንደምትጥሉ፣ ዕጣው መቼ እንደደረሳችሁ የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልጋል። ገንዘቡ ብድር ሳይሆን ቁጠባችሁ መሆኑን ማሳየት ስላለባችሁ፣ ዕጣው መጀመሪያ ላይ ለወጣለትና ገና ብዙ ለሚቀረው ሰው ጥያቄ ሊነሳበት ይችላል። የእቁቡን ጸሐፊ መዝገቡን ፎቶ አንስቶ፣ ቀን ጽፎ እንዲፈርምላችሁ ዛሬውኑ ጠይቁት። እቁቡ ከተበተነ በኋላ መዝገቡን ማግኘት መከራ ነው።